አህያዋን አሻግሪ

«ያንን ነገር ከእጇ ውሰዱላት» አሉ የእድሩ ዳኛ ጋሽ ወልደገብርኤል፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

እሙሽ ሰማቻቸው። ድንኳኑ ጥግ ፍራሽ ላይ እንደተቀመጠች የእጅ ጌሙን በዘቀዘቀችው ነጠላ ስር ይበልጥ ጨበጠችው። አንዱ ቁልፍ ተነካና ዘፈኑ ወጣ። ሕፃን ጡሩምባ ሲነፋ የሚመስል፣ ለሰርግም ለልደትም የማይሆን ቀልደኛ ዘፈን ነው። ለቅሶ የመጡት ሴቶች አንገታቸውን ደፉ። ወዲያ ማዶ ካርታ የሚጫወቱት ወንዶች እጅ እንኳ አየር ላይ ቀረ።

«ነውር ነው እሙሽ» አለች ከጦር ካምፑ የመጣች ሴት። «የልጅሽ ሰልስት እኮ ነው። ሰው ምን ይላል?»

«ካርታውስ?»

«ካርታማ ለቀስተኛውን ለማቆየት ነው።»

«ይሄም እኔን ለማቆየት ነበር። ፍቅርአዲስን ጠይቂያት።»

ፍቅርአዲስ ንፍሮ የያዘ ሰፌድ አቅፋ ድንኳኑ በር ላይ ቆማ ነበር። የሁለቱ ቤት ግድግዳ አንድ ነው። ባሎቻቸው በአንድ ሻለቃ ነበሩ፤ የእሙሽ ባል ሲሞት ደረቷን እስኪያማት አብራት ያለቀሰችው ፍቅርአዲስ ናት። ከቀብሩ ወዲህ ግን እሙሽ ከእሷ እጅ ውሃ እንኳ አልተቀበለችም።

ጌሙን ያመጣላት ልጇ እስራኤል ነው፣ ለፋሲካ ከሻኪሶ ሲመጣ። ወርቅ ቁፋሮ ከገባ ጀምሮ እናቱ እንቅልፍ አልነበራትም። ትደውላለች። «በላህ?» ትላለች። ይዘጋል። መልሳ ትደውላለች። «ጉድጓዱ ደረቅ ነው? ግንቡን አይተኸዋል?» ጉድጓድ ግንብ የለውም ቢላትም አትሰማም። የሥራ ጓደኞቹ እስራኤል የሚለውን ስም ትተው «በላህ» ብለው ይጠሩት ጀመር።

«እማዬ፣ ቅጽል ስም አወጣሽልኝ» አላትና ጌሙን ጭኗ ላይ አስቀመጠው። ከአንድ ነጋዴ ያገለገለውን ነው የገዛው፤ ጠርዙ ተሰንጥቋል። ውስጡ ቦት ጫማ ያደረገች አህያ አለች። ሐብሐብ ተሸክማ የገመድ ድልድይ ትሻገራለች። ከወደቀች ሐብሐቡ ይፈርጣል፤ እሷ እንደ ሰው እግሯን አጣምራ ትቀመጥና የሚያጫውታትን ሰው በቅሬታ እያየች ታስነጥሳለች። መጀመሪያ ቀን እሙሽ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ባሏ ከሞተ ወዲህ እስራኤል እንደዚያ ስትስቅ አይቷት አያውቅም።

«ልትደውዪልኝ ባማረሽ ቁጥር መጀመሪያ አህያዋን አንድ ድልድይ አሻግሪ። ከተሻገረች በኋላም ካማረሽ ደውዪ።»

«እያታለልከኝ ነው አይደል?»

«እያባበልኩሽ ነው እንጂ።»

በዚሁ ሳምንት ማክሰኞ ጠዋት ልትደውልለት አማራት። አህያዋን አንድ ድልድይ አሻገረች፤ ሐሳቡ ግን አልተዋትም። ስትደውል ስልኩ ዝግ ነበር። ፍቅርአዲስ የገባችው ያኔ ነው፤ ዓይኗ ቀልቷል።

«ሽንኩርት ስከትፍ ነው» አለች ሳትጠየቅ። «ሻኪሶ ኔትወርክ የለም አሉ። ተይው፣ ሥራ ላይ ነው።» ስልኩን ከእሙሽ እጅ ወሰደችና ጌሙን አስያዘቻት። «እስቲ ይቺን አህያሽን አሳዪኝ። እንዴት ነው የምታስነጥሰው?»

እሙሽ አሳየቻት፤ ፍቅርአዲስም ሳቀች። በዚያ ቀንም በማግስቱም ጎረቤቱ አንድ በአንድ እየገባ አጠገቧ ይቀመጥ ነበር፤ ጌሙን ለማየት የመጡ መስሏት ለሁሉም አሳየቻቸው። ጋሽ ወልደገብርኤል እንኳ በሩ ላይ ቆመው «ተጫወቺ ልጄ፣ ተጫወቺ» ብለዋት ሄዱ። ሐሙስ ገና ሳይነጋ እነዚያው ሰዎች ተሰብስበው መጡ። መርዶ ነገሯት። ሁለቱን ቀን ለምን አጠገቧ ሲቀመጡ እንደነበር ያኔ ገባት።

አሁን፣ በሰልስቱ፣ ድንኳኑ በር ላይ ኦላና ታየ። ከእስራኤል ጋር በአንድ ጉድጓድ ይሠራ የነበረ ልጅ ነው። ሁለት እጁ በፋሻ ተጠቅልሏል። ካርታ ከሚጫወቱት አንዱ ቦታ ሊለቅለት ሲነሳ፣ እሱ በቀጥታ ወደ እሙሽ ሄዶ ተንበረከከ።

«ኦብሳ፣ አዮ። ቻሉት፣ እናቴ።»

«ከጉድጓድ ያወጣኸው አንተ ነህ?»

«እኔና ልጆቹ።»

«መቼ ነው የሞተው?»

ጋሽ ወልደገብርኤል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እሙሽ፣ አሁን ይሄ ምን ያደርግልሻል? ልጁ ደክሞታል፣ ይረፍበት።»

«አንቱን አልጠየቅሁም!»

በዚያ ሰፈር ጋሽ ወልደገብርኤል ላይ የጮኸ ሰው የለም። አንዲት ሴት «በስመ አብ» አለች። ኦላና ዓይኑን ወደ ሽማግሌው ወረወረ።

«እሳቸውን ምን ታያለህ? እኔን እየኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ሰው ሁሉ ዋሽቶኛል፤ አንተ ደግሞ ሦስተኛ ቀን አትጨምርብኝ።»

«ጉድጓዱ የተናደው ሰኞ ነው፣ አዮ» አለ ኦላና መሬት መሬቱን እያየ። «ማክሰኞ... ማክሰኞ ድምፁ ይሰማ ነበር። እስከ ማታ።»

«ምን ይል ነበር?»

«ይቀልድ ነበር። ‹እናቴ ደውላ ይሆናል፣ በልቷል በሏት› ይላል። ‹አሁን እንዳትሰማ፤ ወጥቼ እኔው እነግራታለሁ› ይላል። ለጋሽ ወልደገብርኤል ደውዬ ይሄንኑ ነገርኳቸው። እናወጣዋለን ብለን ነበር፣ አዮ። አፈሩ እንደገና ባይወርድ እናወጣው ነበር።»

እሙሽ ቀስ ብላ ወደ ጋሽ ወልደገብርኤል ዞረች። «ማክሰኞ መቼ ሰማችሁ?»

«በጠዋት» አሉ።

«ወደ ሻኪሶ የሚሄድ መኪና ነበር?»

ሽማግሌው ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

«ነበር ወይ?»

«ነበር።»

«ሳይመሽ እደርስ ነበር።» ድምፅዋ መጀመሪያ ዝግ ያለ ነበር፤ ከዚያ ወጣ። «የጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሜ ‹አለሁ› እለው ነበር! መርዶ የሚደበቀው ለሞተ ሰው ነው፤ እናንተ በሕይወት ላለ ልጅ መርዶ ደበቃችሁብኝ! እሱ ከአፈር ስር ሲጣራ እኔ አህያ ሳሻግር አያችሁኝ። አጠገቤ ተቀምጣችሁ ሳቃችሁልኝ!»

«በድንጋጤ መንገድ ላይ እንዳትቀሪብን ብለን ነው፣ ልጄ። ሰው መርዶ እንዲህ ነው የሚያረዳው፤ አባቶቻችንም...»

«ብቀርስ? እዚያው መንገዱ ላይ ብቀርስ?» ከዚያ ማንንም ሳታይ፣ ልጇ እዚያ እንዳለ ሁሉ ወደ ድንኳኑ ሸራ ጮኸች። «አንተም! ‹እንዳትሰማ› ትላለህ? ሕፃን ነኝ እኔ? ሁልጊዜ ማባበል፣ ሁልጊዜ ማባበል! አንድ ቀን እንኳ እውነቱን ብትነግረኝ ምን ነበረበት?»

ሴቶቹ ሊይዟት ተነሱ። በክርኗ ገፋቻቸው።

ፍቅርአዲስ ሰፌዱን መሬት አስቀምጣ መጣች። እሙሽ እግር ስር ወደቀች። «ምቺኝ እሙዬ። እኔን ምቺኝ። ማክሰኞ ስገባ ልነግርሽ ነበር፤ ፊትሽን ሳየው አቃተኝ።»

«አልመታሽም። ተነሺ። እዚህ ተቀመጪ።»

ፍራሹ ላይ፣ አጠገቧ፣ አስቀመጠቻት። ጌሙን ከነጠላዋ ስር አውጥታ ፍቅርአዲስ እጅ ላይ አደረገችው።

«ተጫወቺ።»

«እሙዬ፣ በእመቤቴ...»

«ተጫወቺ አልኩሽ። እኔ ስጫወት ቁጭ ብለሽ እንዳየሽኝ፣ አሁን እኔ ልይሽ።»

ፍቅርአዲስ ቁልፉን ተጫነች። ያ ቀልደኛ ዘፈን ድንኳኑን ሞላው። አህያዋ ሁለት እርምጃ እንደሄደች ወደቀች፤ ሐብሐቡ ፈረጠ፤ እግሯን አጣምራ ተቀመጠችና አስነጠሰች።

የሳቀ የለም።

«እንደገና» አለች እሙሽ።

አህያዋ ወደቀች።

«እንደገና።»

የፍቅርአዲስ እንባ መስታወቱ ላይ ይንጠባጠብ ጀመር። ድልድዩ ተሸፈነ፤ አህያዋም የት እንዳለች አይታይም። ጣቷ ግን መጫኑን አላቆመም፤ የምትጫነውን ሳታይ ትጫናለች። እሙሽ ፊቷ እንደ ድንጋይ እንደሆነ ትንሽ አየቻት። ከዚያ እጇን ሰደደች፣ የነጠላዋን ጫፍ ሰበሰበችና መስታወቱን ጠረገችላት።