የአስጨፋሪው እጅ

ሶፋ ሠሪው ሚስማር በአፉ ከያዘ ማንም ከእሱ መልስ አይጠብቅም። ሙያው ነው፤ ጨርቁን በአንድ እጁ ወጥሮ፣ በሌላው መዶሻ ይዞ፣ ትንንሾቹን ሚስማሮች ከከንፈሩ መሐል አንድ በአንድ እያወጣ ይመታል። ደንበኛ ሲጨቀጭቀው፣ ጎረቤት ሐሜት ይዞ ሲመጣ፣ ጥቂት ሚስማር አፉ ውስጥ ጣል ያደርግና ይገላገላል። ይህን ዘዴ ከማንም በላይ የምታውቀው ልጁ ናት። ከጎኑ ተቀምጣ የሶፋ ልብሱን የምትሰፋው እሷ ናትና።

"አባዬ፣ ቅዳሜ ትሄዳለህ?" አለችው፣ ዓይኗን ከስፌት መኪናው ሳታነሳ።

ሚስማር አፉ ውስጥ ጨመረ።

ቅዳሜ ጨዋታ ነበር። ሶፋ ሠሪው ደግሞ እንደማንኛውም ተመልካች አይደለም፤ አስጨፋሪ ነው። ወጣትነቱንና የግራ ጆሮውን የጨረሰው ስታዲየም ውስጥ ከበሮ ሲመታ ነው። ሰፈሩም "አባ ከበሮ" ይለዋል። እሱ ካልመታ ዘፈን አይነሳም፤ የደጋፊው ወግ እንዲያ ነው። ለእያንዳንዱ ተጫዋች የራሱ ምት አለው፤ ምቱ ሲሰማ ሕዝቡ የማንን ስም እንደሚጠራ ያውቃል። ከሁሉም የሚያምረው "ምላጭ" የሚሉት የአጥቂው ምት ነበር። ሁለቴ ረጋ ብሎ፣ ሦስቴ ጥድፍ። ሶፋ ሠሪው ያንን ምት ያገኘው እዚሁ ሱቅ ውስጥ የወንበር ጠርዝ ሲመታ ነው። ከዚያ ወዲህ መዶሻ ባነሳ ቁጥር ሳያስበው ይመታዋል።

በዚያ ሳምንት ምላጭ ሚስቱን ደበደበ። ጎረቤት በስልኩ ቀርጾት ነበርና ሴትየዋ ፊቷ አብጦ፣ በባዶ እግሯ ደረጃ ስትወርድ ያላየ ሰው አልነበረም። ክለቡ "የግል ጉዳይ ነው" አለ። ቅዳሜ እንደሚያሰልፈውም ጨምሮ ተናገረ።

ደጋፊው ተቆጣ። ይህ ደጋፊ መቆጣት ያውቅበታል። በረኛው ጨዋታ ሸጦ ሲያዝም ተቆጥቶ ነበር፤ ሊቀ መንበሩ የክለቡን ንብረት ሲያግበሰብስም እንዲሁ። የሶፋ ሠሪው ጓደኛ፣ ታክሲ ነጂው፣ ሁለት ጊዜ ማልያውን አደባባይ ላይ አቃጥሎ፣ ሁለቴም በሳምንቱ አዲስ ገዝቷል። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ ማለት ይኸው ነው። ሶፋ ሠሪውም በየቅሌቱ ትንሽ ትንሽ እየደከመው፣ ግን መሄዱን ሳይተው፣ እዚህ ዕድሜ ላይ ደርሷል።

የአሁኑ ግን ሌላ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት የገዛ ልጁ አንድ ቦርሳ ይዛ፣ ከንፈሯ ተሰንጥቆ፣ ከባሏ ቤት መጥታ ደጁ ላይ ቆማለች። አማች ተብዬው ለማስታረቅ ሰው ሲልክ ሶፋ ሠሪው ከበር መለሳቸው። "ሴት ላይ እጁን የሚያነሳ ሰው ከኔ የእግዜር ሰላምታም አያገኝም፤ ሂዱና ይህንኑ ንገሩት" አላቸው። ልጁ ከጓዳ ሆና ሰምታዋለች። ያንን ቃል ተደግፋ ነው ቀና ያለችው፤ መልሳ መሳቅ የጀመረችውም ከዚያ በኋላ ነው። እሱም ይህን ያውቃል።

ስለዚህ ሚስማሮቹን መዳፉ ላይ ተፋቸው።

"እሄዳለሁ። የምላጭን ምት ግን አልመታም።"

"ጨዋታው እስኪያልቅ?"

"አልመታም አልኩሽ እኮ።"

"እንግዲህ ቃልህ ነው" አለችና ፔዳሉን ረገጠች። ትንሽ ሰፍታ ቆም አለች። "በራዲዮ እከታተልሃለሁ።"

ምቱን እንደምትለየው አልተጠራጠረም። ልጅ ሳለች ትከሻው ላይ ተቀምጣ፣ ከበሮው ከታች እግሯን እያነዘራት ነው ያደገችው።

ቅዳሜ ታክሲ ነጂው መጣ፤ ከበሮውን ከኋላ ወንበር ላይ እንደ ተሳፋሪ አስቀመጡትና ጉዞ ጀመሩ።

"ምን ሆነህ ነው ፊትህን እንዲህ ያጠቆርከው?"

"የምላጭን አልመታም።"

ታክሲ ነጂው መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን ማርሽ አስገባ። "ነውር ነው፤ ነውር አይደለም የሚል አፉ ይያዝ። ግን ወንድሜ፣ እኛ የምንደግፈው ማልያውን እንጂ ሰውየውን መቼ ሆነና።"

"ማልያ ሚስት አይደበድብም።"

"ይኸው! ራስህ ተናገርከው" አለ ታክሲ ነጂው፣ የረታ መስሎት።

ሶፋ ሠሪው መልስ ነበረው፤ ግን ደከመው። ከዚህ ሰው ጋር ሲከራከር ፀጉሩ ሸብቷል።

ስታዲየሙ ሞልቶ ነበር። የተቆጣው ሁሉ መጥቷል። የተሰላፊዎቹ ስም ሲጠራ ሶፋ ሠሪው ለእያንዳንዱ መታ፤ ሕዝቡም ተቀበለ። የምላጭ ስም ሲጠራ እጆቹን ከበሮው ላይ አሳረፈ። አንዳንዱ ለመጮህ አፉን ከፍቶ ምቱን ሲያጣ መልሶ ዘጋው። ከኋላ አንድ ሰው "አባ ከበሮ እንቅልፍ ወሰደህ እንዴ?" አለ። ከፊት ወንበር አንዲት ሴት ዞር ብላ አየችውና ራሷን ነቀነቀችለት። ሶፋ ሠሪው ደስ አለው። ከዓመታት ወዲህ ስታዲየም ውስጥ እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም። ልጁ ራዲዮው አጠገብ ሆና ያንን ዝምታ ስትሰማ ታየው።

ጨዋታው ግን የሚያሳርፍ አልሆነም። ቡድኑ ካላሸነፈ ወደ ታችኛው ምድብ መውረዱ ነው። እኩል ለእኩል ሆኖ ሊያልቅ ሲል ኳሷ ምላጭ እግር ገባች። አንዱን አለፈ፤ ሁለተኛውን አታለለ፤ በረኛው ሲወጣ በጎኑ አሾልኮ ጣላት። መረቡ ተነፋ።

ሶፋ ሠሪው መጀመሪያ የሰማው ዘፈኑን ነው። ሃያ ሺህ ሰው የምላጭን ስም እየጠራ ነበር። ማን አስነሳው ብሎ ሊቆጣ ቃጣው። ከዚያ ወደ ታች አየና እጆቹን አገኛቸው። ሁለቴ ረጋ፣ ሦስቴ ጥድፍ። ክፉ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ።

እዚህ ላይ ማቆም ይችል ነበር፤ እጁን የያዘው የለም። ታክሲ ነጂው አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ ያለቅሳል፤ መሬቱ ይንቀጠቀጣል፤ ያች የፊት ወንበሯ ሴት እንኳ ቆማ ትዘላለች። እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ የመጀመሪያዎቹን ምቶች የመታቸው እጁ ነው፤ የቀሩትን ግን እያወቀ ራሱ መታቸው። ደግሞም ጣፈጠው። ፊሽካው እስኪነፋ አላቆመም።

ቤት ሲደርስ ገና አልመሸም። ልጁ እራቱን አቅርባ ጠበቀችው። ራዲዮው ጠፍቷል። ከበሮውን በሩ ጥግ አስቀመጠና እጁን ታጠበ፤ መዳፉ ቀልቶ ነበር፤ ውሃው ሲነካው አቃጠለው። ተቀመጠ። ካፍ የወጣ አፋፍ ይባላል፤ ከከበሮ የወጣውም ያው ነው።

"አሸነፋችሁ አይደል" አለች፣ ሳህኑን ወደሱ እየገፋች።

"አሸነፍን።"

በሉ። የቤቱ ዝምታ የስታዲየሙን አይመስልም ነበር። ሶፋ ሠሪው ብትቆጣው ይመርጥ ነበር፤ ለቁጣ መልስ ይገኛል። በመጨረሻ አላስችል አለው።

"ልጄ፣ አስቤ አይደለም። እጄ ነው የቀደመኝ።"

እሷም ቀና ብላ አየችው። ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ድካም ብቻ።

"እሱም እንዲያ ነበር የሚለኝ፣ አባዬ" አለችው። "በነጋታው ቁጭ ብሎ፣ እጄ ነው የቀደመኝ ይለኝ ነበር።"

ሳህኖቹን ሰብስባ ተነሳች። ሶፋ ሠሪው የቀላ መዳፉን ጠረጴዛው ሥር አድርጎ ተቀመጠ። ጓዳ ውስጥ ውሃ ሲወርድ ይሰማዋል፤ ተመልሳ እስክትመጣ አንድ ነገር ማለት ነበረበት። አፉ ውስጥ ሚስማር አልነበረም።