ምሳ ቀማሿ ዳይሬክተር

በእኛ አገር ትምህርት ቤቶች ልጆች ምሳ ከመብላታቸው ከግማሽ ሰዓት በፊት ዳይሬክተሩ ከዚያው ድስት የወጣውን ይበላል። የተበላሸ ነገር ካለ እሱ ይታመም፣ ልጆቹ ይትረፉ ነው ነገሩ። የደሴታችን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ምግብ አብሳይ እኔ ነኝ፤ ፉሳዬ እባላለሁ። ስንቱ ዳይሬክተር ከእጄ በልቶ ሄዷል! አንዱም አልታመመብኝም። እንዲያውም ሁለቱ ሱሪያቸው ጠቧቸው ነው የተዛወሩት።

መቼም አብዛኞቹ ይህችን ቅምሻ እንደ ሥራ ይሠሯታል፤ ጎረስ ጎረስ አድርገው ይፈርሙና ይነሳሉ። መምህር ኩራሃሺ ግን ሌላ ሰው ነበሩ። እሳቸውን ሌላ ሰው ያደረገቻቸውም ኮኖሚ ናት።

ኮኖሚ የሦስተኛ ክፍል ልጅ ናት። ከተማ በነበረችበት ትምህርት ቤት ምሳው ተበላሽቶ ክፍሉ በሙሉ ታሞ፣ እሷም ሆስፒታል ተኝታ ነበር። ከዳነች በኋላ እናቷ ካልሠራችው በስተቀር ምንም ነገር በአፏ አልዞር አለ። እናትየው ሲጨንቃት ወደዚህ ወደ ገዛ አባቷ ቤት፣ ወደ ሽማግሌው ዓሣ አጥማጅ ወደ ቶኩሳቡሮ ይዛት መጣች። ከመርከብ ስትወርድ አየኋት፤ ቦርሳዋ ከእሷ ይከብዳል። አንጀቴን በላችኝ። ግን ምን ልደብቅ፣ ተናደድኩም። ዕድሜዬን ሙሉ ያበሰልኩትን አንዲት ፍሬ ልጅ ሩዙን በቾፕስቲክ እየበረበረች እንደ ሌባ ስታየው ማን ይወዳል?

መምህር ኩራሃሺ አልተናደዱም። ከፊቷ ቁጢጥ አሉና፣ «ስሚኝ ኮኖሚ» አሏት። «እዚህ ከእኔ በፊት የሚበላ የለም። ስበላ ታይኛለሽ። በማግስቱ ጠዋት በር ላይ ቆሜ ካገኘሽኝ ምግቡ ደህና ነበር ማለት ነው። ካላገኘሽኝ አትብዪ።»

ልጅቷ ቀልድ አታውቅም። «የዛሬውስ?» አለች።

«የዛሬውን ነገ ታረጋግጫለሽ። የትናንቱን ግን በልቼ ይኸው ቆሜያለሁ። አብሳይዋም ያቺው እትዬ ፉሳዬ ናት፤ አልተቀየረችም።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ መምህሩ ዝናብ ይዝነብ፣ በረዶ ይውረድ፣ ጠዋት ጠዋት በር ላይ ናቸው። ኮኖሚ ትመጣለች፣ ትኩር ብላ ታያቸዋለች፣ እጅ ትነሳለች፣ ትገባለች። መጀመሪያ ሩዝ ብቻ ነበር የምትበላው። ቀጥሎ ሾርባ ጀመረች። ብርዱ ሳይወጣ ዓሣ በላች! ያን ቀን ሽርጤን በፊቴ ላይ አድርጌ አለቀስኩ፤ ረዳቴ ምን ሆንሽ ብትለኝ ሂጂ ሥራሽን ሥሪ አልኳት።

እንዲህ ባለው ደግ ጊዜ ነው ዝውውሩ የመጣው። በእኛ ዘንድ ዳይሬክተር መዛወሩን ቢያውቅም ስሙ ጋዜጣ ላይ እስኪወጣ ትንፍሽ አይልም። ሕጉ ነው። ስለዚህ ጋዜጣው የወጣ ለት ነው ደሴቱ ሁሉ በአንድ ጠዋት የሰማው፤ ልጆቹም ዕረፍት ላይ ሆነው ሰሙ። በሳምንቱ መምህሩን ወደብ ወርደን ሸኘናቸው። እንደ ወጉ ባለ ቀለም የወረቀት ጥብጣብ አንዱን ጫፍ እሳቸው መርከቧ ላይ፣ ሌላውን ጫፍ ልጆቹ ከታች ይዘው፣ መርከቧ ስትርቅ ጥብጣቦቹ አንድ በአንድ ተበጠሱ። ኮኖሚ አላለቀሰችም። የተበጠሰውን ወረቀት እጇ ላይ እየጠቀለለች፣ «አሁን በር ላይ ማን ይቆማል?» አለችኝ።

«አዲሱ ዳይሬክተር ነዋ!» አልኳት አፌን ሞልቼ። ምን አውቄ ነው?

አዲሱ ዳይሬክተር ሴት ሆና መጣች። ታጋሺራ ትባላለች፤ ከትምህርት ቢሮ የመጣች፣ ኮቷ ላይ አንዲት ሽብሽብ የሌላት፣ ፈገግታ በልክ የተሰፈረላት። ጠዋት በር ላይ የለችም፤ ስልክ ላይ ናት። ምሳ ሲደርስ ትሪዋን ተቀብላ ቢሮዋ ትገባና በሩን ትዘጋለች። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ትሪው ባዶ ሆኖ ይመለሳል። በላች? ደፋችው? ማን አይቶ!

ኮኖሚ መብላት አቆመች። ሩዙን እንኳ። አስተማሪዋ ብትለምናት፣ «ማንም ሲበላው አላየሁም» ብላ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ትቀመጣለች። ትሪዋ እንደሄደ ሲመለስልኝ እጄ የተቆረጠ ያህል ተሰማኝ። በዚያው ሰሞን እናትየው መንደሪን ከምትለቅምበት ሥራዋ እየሮጠች ወደ ኩሽናዬ መጣች።

«እትዬ ፉሳዬ፣ ወደ ከተማ ልመልሳት ነው» አለች። «ማታ ቤት የምትበላው ብቻውን አያቆማትም። እዚያ ቢያንስ ሐኪሟ ቅርብ ነው።»

«እዚያ ሄዳ ትምህርት ቤት ትገባለች?»

«አትገባም» አለችና ፊቷን አዞረች።

ደሜ ፈላ። ሽርጤን እንኳ ሳልፈታ ዳይሬክተሯ ቢሮ ገባሁ።

«መምህርት፣ በር ዘግተው የሚበሉት ለምንድን ነው?»

ከወረቀቷ ቀና አለች። «ስበላ ሰው ሲያየኝ አልወድም።»

«እንግዲያውስ ይውደዱ! አንዲት ልጅ እርስዎን ስላላየች ጦሟን ትውላለች፤ ነገ ከነገ ወዲያ ደግሞ ጥላን ትሄዳለች!»

ከዚያ በኋላ አፌ አልቆመም። ሆስፒታሉን፣ በሩን፣ ዓሣውን፣ ጥብጣቡን ሁሉ ዘረገፍኩት። ታባርረኛለች ብዬ ነበር። ሴትዮዋ ግን እስክጨርስ ሰማችኝና እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«መምህር ኩራሃሺ ሲያስረክቡኝ ስለ ጣሪያው ፍሳሽ ነግረውኛል፤ ስለ ሳር ማጨጃውም ነግረውኛል። ይህን አልነገሩኝም» አለች። ቀጥላም፣ «የሚቆሙት በቀኝ በኩል ነበር ወይስ በግራ?»

ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር። «በግራ። ከጥዱ ሥር» አልኳት።

በማግስቱ ጠዋት ከጥዱ ሥር ቀጥ ብላ ቆማለች። ሰላምታዋ እንኳ የወታደር ነው። ኮኖሚ ከእግር እስከ ራሷ አየቻትና አለፈች። ምሳ ሲደርስ ዳይሬክተሯ ትሪዋን ይዛ ወደ ቢሮዋ ሳይሆን ወደ ኮሪደሩ ሄደች። የሦስተኛ ክፍል መስኮት ፊት ለፊት አንዲት የልጅ ወንበር ላይ፣ ጉልበቷ ደረቷ ሊደርስ፣ ቁጭ አለች። ጆሮዋ ቀልቷል። እየተሸማቀቀች በላች። እኔ ደግሞ የሰው ፊት ማንበብ ልማዴ ነውና እንጉዳዩ ላይ ስትደርስ ዓይኗን ጨፍና እንደ መድኃኒት ስትውጠው አየሁ። ክፋቴ መጣና በማግስቱ እንጉዳዩን አበዛሁላት። ሁሉንም በላች! ልጆቹ በመስኮቱ ተደርድረው ይንከተከታሉ፤ ኮኖሚም አፏን በእጇ ሸፍና ስትስቅ አየሁ። በዚያው ሳምንት ሩዝ ጀመረች፤ ቀስ በቀስ ሾርባውም ተከተለ። እናትየው ለጉዞ የሸከፈችውን ሻንጣ ከበር አጠገብ አላነሳችም እንጂ መሄዱን ማንሳት ትታ ነበር።

ከዚያ የዳይሬክተሮች ስብሰባ መጣ። ስብሰባው ባሕር ማዶ ስለሆነ አድሮ መምጣት ግድ ነው። ዳይሬክተሯ የሄደች ለት ምሳው ዓሣ ነበር፤ ኮኖሚም ከመምህር ኩራሃሺ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓሣ ቀመሰች። ዳይሬክተሯ ወደ መርከቡ ከመሮጧ በፊት ክፍሏ ድረስ ሄዳ፣ «ነገ በመጀመሪያው መርከብ መጥቼ ከጥዱ ሥር ታገኚኛለሽ» አለቻት። እኔ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

በማግስቱ ስነሳ ባሕሩ የለም። ጉም! የጎረቤቴ ቤት እንኳ አይታይም። በእኛ በኩል በዚህ ወቅት ጉም ሲወርድ መርከብ ንቅንቅ አትልም።

ትምህርት ቤት ስደርስ ኮኖሚ በር ላይ ቆማለች፤ ከጥዱ ሥር ማንም የለም። አያቷ ቶኩሳቡሮ አጠገቧ ሆኖ ኮፍያውን ያሻሻል። ሌሎቹ ልጆች ገብተዋል።

«ነይ ግቢ እንጂ የኔ ልጅ፣ ይበርድሻል» አልኳት።

«እትዬ ፉሳዬ፣ ዓሣው...»

«ዓሣው ደህና ነበር! አንቺስ በልተሽ ይኸው ደህና አይደለሽ?»

«እኔ ትንሽ ነው የቀመስኩት። እሳቸው ሙሉውን ነው የበሉት» አለች። ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ። «ታመው ይሆናል። ሰው ሲታመም ጠዋት አይመጣም።»

«ጉሙ ነው ልጄ፣ መርከብ የለም» አላት አያቷ።

«ከተማ እያለንም ምንም የለም ነው ያሉን።»

ቶኩሳቡሮ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ «እናቷን ልጥራ መሰለኝ» አለ በሹክሹክታ። የሻንጣው ነገር ትዝ አለኝ። አለቀ፣ ሄደች አልኩ።

ይህን ጊዜ ነው በሩ አጠገብ ባለው የእንጨት ምሰሶ ላይ የተሰቀለው ድምፅ ማጉያ የተንኳኳው። ደሴቱን ሙሉ የሚያዳርስ ነው፤ የመርከብ ሰዓት፣ ማዕበል፣ ጠፍተው የቀሩ ሽማግሌዎች ሁሉ የሚነገሩበት። የቀበሌው ጸሐፊ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«በጉም ምክንያት የጠዋቱ መርከብ ቀርቷል። በተጨማሪ... እ... አንድ መልእክት አለ። ስልኩን ወደ ማይኩ ላስጠጋው ነው። ይናገሩ እመቤቴ።»

ተንኮሻኮሸ፤ ቀጥሎ የዚያች ባለ ኮት ሴትዮ ድምፅ ከየአቅጣጫው መጣ።

«የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ታጋሺራ ነኝ። በር ላይ ለምትጠብቀኝ ተማሪ ነው። ትናንት እትዬ ፉሳዬ የሠሩትን ዓሣ፣ ሩዙንና ሾርባውን በልቻለሁ። እንጉዳዩንም በልቻለሁ። ሆዴን አላመመኝም። አላስታወከኝም። አሁን ማዶ ወደብ ላይ በሁለት እግሬ ቆሜያለሁ፤ የሚያግደኝ ጉሙ ብቻ ነው። ቃሌን ስላልጠበቅሁ ይቅርታ።» ከዚያ ቀስ ብላ፣ «እየተሰማ ነው?» አለች።

«ጥርት ብሎ፣ እመቤቴ!» አለ ጸሐፊው።

ቶኩሳቡሮ እስኪያስለው ሳቀ። «አይ የሴትዮዋ ሆድ! ደሴቱ በሙሉ አወቀው እኮ!» ከታች ከመረብ ጠጋኞቹ ዘንድ ጭብጨባ ይሰማል። እኔ ግን አልሳቅሁም። ሲበላ መታየት የሚያሳፍረው ሰው ስለ ትውከቱ በድምፅ ማጉያ ሲናገር ምን እንደሚያስከፍለው አውቃለሁ። ወደድኳት። ከዚያች ጠዋት ወዲህ ሴትዮዋ ማለቴን ትቻለሁ፤ መምህርት ታጋሺራ ናቸው።

ኮኖሚ ድምፅ ማጉያው የተሰቀለበትን እንጨት ቀና ብላ አየችው። ቦርሳዋን አስተካክላ ለእንጨቱ ዝቅ ብላ እጅ ነሳች። ከዚያ እየሮጠች ገባች።

ያን ቀን ቅምሻውን በዳይሬክተሯ ፈንታ ምክትሉ ቀመሱ። ልጆቹ ሲበሉ እኔ በመስኮት ተደብቄ አያለሁ፤ ድስቴ ይረር ብዬ። ኮኖሚ ሩዙን በላች። ሾርባውን ጠጣች። ዶሮውን አገላብጣ አየችው፤ ጎረሰችው፤ አኘከች፤ ዋጠች። ከዚያ ባዶ ሳህኗን በሁለት እጇ ይዛ ተነሳችና ድስቱ ዘንድ ሄዳ ተሰለፈች። ልድገም ማለቷ ነው! ወይ ጉድ!

ከሰዓት በኋላ ጉሙ ተነሳ። ይህን ወሬ ለመምህርት ታጋሺራ ከእኔ በቀር ማንም አይነግራቸውም ብዬ በሽርጤ ወደ ወደቡ ሮጥኩ። ሰው ሞልቷል፤ ሥራ የፈታው ሁሉ መርከብ ሊያይ ወርዷል። መርከቧ ገመድ ሳትጥል፣ መምህርት ታጋሺራ ከፊት የመደገፊያውን ብረት ይዘው፣ ፀጉራቸው ተበታትኖ፣ በዚያ በለሰለሰ ድምፃቸው ሳይሆን እንደ ዓሣ ሻጭ ጮኹ።

«በላች?»

አፌን ስከፍት ቲኬት ቆራጩ፣ መረብ ጠጋኞቹ፣ ጸሐፊው፣ ቶኩሳቡሮ፣ ሰው ሁሉ በአንድ ድምፅ፣ «በላች!» ብሎ መለሰ። ከመቼው ሰሙት? የማን ወሬ ነው የሚናገሩት? እልህ ያዘኝና ሁሉንም በክርኔ ገፍቼ ወደ ፊት ወጣሁ።

«ሁለት ጊዜ!» ብዬ ጮህኩ። «ሁለት ጊዜ ነው የበላችው!»