አንድ የቀረ ጉልበት

«እማዬ፣ ስለ ስግደቱ ትንፍሽ እንዳትዪ!» አለች መብራት፣ እናቷን በክንዷ ደግፋ የሆስፒታሉን ደረጃ እያወጣች።

እትዬ ምንትዋብ ጥርሳቸውን ነክሰው ወጡ። ቀኝ ጉልበታቸው በየደረጃው ይንቋቋል። ከውጭ የመጣው ሐኪም ሊመለስ ነው፤ ይዞት ከመጣው ሰው ሠራሽ ጉልበት የቀረው አንድ ብቻ ነው ተብሏል።

«ለሰልፍ ነው በይ። የቀበሌው ሱቅ ስኳር እስኪደርሰኝ መቆም አቃተኝ በይ። ውሸት አይደለም።»

«ሽፈራውስ?» አሉ እናቷ።

የመብራት ወንድም ሽፈራው ከቦሌ ታፍሶ ለውትድርና ከተወሰደ ወዲህ ድምፁ አልተሰማም። እናቱ «በሕይወት መልስልኝ እንጂ ሁዳዴን ሙሉ ደጅህ ወድቄ እሰግዳለሁ» ብለው ለመድኃኔዓለም ተስለዋል። እንዲህ ያለ ስለት ይዞ፣ ልጆቼ፣ ጉልበቱ የከዳው ሰው እንዴት ብሎ ይተኛል?

አግዳሚው ላይ ኤርሳዶ ተቀምጧል፤ የቀበሌያቸው ሱቅ ጫኝና አውራጅ ነው። ብድግ ለማለት ሞክሮ አቃተውና ጠጋ አለላቸው።

«እርስዎም ለዚችው ጉልበት ነው? ጣውንት ሆንና!» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኔ ዘበኛ ነኝ ልል ነው፣ እትዬ። ተሸካሚ ካልኩ ይመልሰኛል አሉ። ካልተሸከምኩ ደግሞ ልጆቼ ምን ይበላሉ?»

እትዬ ምንትዋብ ቀድመው ገቡ። ሐኪሙ ጉልበታቸውን አጥፎ ዘርግቶ አየና ተናገረ፤ ሲስተር አሰፋሽ አስተረጎመች።

«ይህ ጉልበት ሕመም አስታግሶ ያራምዳል እንጂ መንበርከክና ሸክም አይችልም ይላሉ። ለዚያ የሚፈልገው ሰው ቀዶ ሕክምና ቢደረግለትም አይጠቀምም። እርስዎ ለምን ይፈልጉታል?»

መብራት የእናቷን ነጠላ ጎተተች።

«ልሰግድበት» አሉ እትዬ ምንትዋብ።

አሰፋሽ በሩን ገርመም አደረገች። «ሌላ ነገር ልበልልዎት?»

«ያልኩሽን በይልኝ።»

ሐኪሙ ሰምቶ አይሆንም በሚል ቀስ ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

ውጭ ሲወጡ መብራት በቁጣ ፈነዳች። «ቄሱ ስለቱን ይፈቱልሽ ነበር!»

«ስለቱን ካስፈታሁ፣ ልጄ አይመጣም ብዬ በአፌ መመስከሬ አይደል?»

ኤርሳዶ ገብቶ ቆየና ፊቱ በርቶ ወጣ። አሰፋሽ ተከትላው ወጥታ እትዬ ምንትዋብን ፈቀቅ አደረገቻቸው።

«ሐኪሙ ዘበኛ ተቀምጦ ስለሚውል ከሁሉም የሚጠቀም እሱ ነው ብለዋል። የአንድ ሰፈር ሰዎች መሆናችሁን ሰምቻለሁ፤ እውነት ዘበኛ ነው? ካልሆነ እርስዎን እንደገና እንዲያዩዎት እለምናለሁ። ስግደቱን ተውኩት ካሉ።»

«ተናገሪ እንጂ እማዬ!» አለች መብራት።

ኤርሳዶ ከአግዳሚው ላይ ያያቸዋል። ሳቁ ጠፍቷል። የኮቱ ትከሻ በጆንያ ተፍቆ ሳስቷል፤ ስፌቱ ውስጥ ዱቄት ገብቶ ነጥቷል። ያ ጉልበት ከኩንታሉ በታች ብዙ እንደማይቆይ እትዬ ምንትዋብ አላጡትም።

«ዘበኛ ነው» አሉ። «ሲገባም ሲወጣም አየዋለሁ።»

መብራት ክንዷን ነጥቃ ብቻዋን ወደ ደረጃው ሄደች። እናቷ ከግድግዳው ጋር ተጠግተው፣ የታመመውን እግር አስቀድመው መውረድ ጀመሩ።