ናሙናው ሳህን

ሳህን ፋብሪካ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት የተሰነጠቀውን ከደህናው በዓይኔ ስለይ ኖሬያለሁ። እኔ ከስድስተኛ ክፍል ወጥቼ ያስተማርኩት ታናሽ ወንድሜ ተምሮ መጣና የእኔን ሥራ የሚሠራ ካሜራ ተከለ። እሱ የጻፈው ኮድ የእያንዳንዱን ሳህን ፎቶ ከአንድ የናሙና ሳህን ፎቶ ጋር ያነጻጽራል፤ ካልተመሳሰለ ሳህኑ ይጣላል።

ያኔ በሥራ አስኪያጁ ፊት፣ «የጋሼ ዓይን እንደሆነ ደክሟል» ብሎ ሳቀ። ሰዉም ተከትሎት ሳቀ። ያ ሳቅ አንጀቴ ውስጥ ቀረ።

ናሙናውን ምረጥልኝ ሲለኝ፣ ጠርዙ ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ያለችበትን አውቄ ሰጠሁት። ካሜራውም ደህናውን ሳህን ሁሉ ይጥል ጀመር።

ወንድሜ ሦስት ቀን ሙሉ ኮዱን ሲፈትሽ ምግብም በቅጡ አልቀመሰም። ዛሬ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ መጣና፣ «እስከ ምሳ ካልተስተካከለ ዕቃህን ሸክፍ» አለው።

«ናሙናውንስ አይተኸዋል?» አልኩት ወንድሜን ቀስ ብዬ።

«አንተ የመረጥከውን ምኑን አየዋለሁ ጋሼ? ጥፋቱ የኔ ነው።»

ምነው በሰደበኝ። ሳህኑን አንስቼ ሰጠሁትና፣ «እስቲ ጠርዙን በጥፍርህ ዳብሰው» አልኩት። ጥፍሩ ስንጥቋ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ሳታያት ቀርተህ ነው አይደል?» አለኝ፤ አዎ እንድለው እየለመነኝ ይመስል ነበር።

«ዓይኔ አልደከመም» አልኩት።

ሳህኑን ከእጁ ወስጄ ጥፋቱ የኔ መሆኑን ልናገር ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ስሄድ፣ «ጋሼ» ብሎ እንዲጠራኝ እስከ በሩ ድረስ ጠበቅሁ። አልጠራኝም።