የጋሽ መዝገቡ አሜን

ጋሽ ዓለሜ እሁድ ጠዋት ደውለው «ሆዴን ቆረጠኝ» ሲሉ ግዛቸው አላመናቸውም። ሳምንቱን ሙሉ «ንግግሩን ለኔ ተውት፣ ሽምግልና ማለት አፍ ነው» ሲሉ የከረሙ ሰው፣ ሆዳቸው የሚቆርጠው ቀን ጠብቆ ነው? ደግሞ በስልኩ ውስጥ ኳስ ይሰማል። ሆዱን የቆረጠው ሰው «ኧረ አቀብለው!» ብሎ ይጮኻል?

«ታዲያ ማን ይናገር ጋሼ?»

«አንተ ነሃ! የልጁ ታላቅ ወንድም አይደለህ እንዴ? እግዜር ያውቃል፣ በቃ።»

እግዜር ማወቁን ግዛቸውም አልተጠራጠረም። የተጠራጠረው ራሱን ነው። የመኪና መንዳት አስተማሪ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከአፉ የሚወጣው «ፍሬን! ፍሬን ያዝ!» ነው። በዚህ አፍ የሰው ልጅ ለጋብቻ አይጠየቅም።

የሚጠየቁት ደግሞ ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ልብስ ሱቅ ያላቸው አቶ መዝገቡ ናቸው። ታናሽ ወንድሙ ኢዩ የእሳቸውን ልጅ ሃናን ወዷል፤ እሷም ወዳዋለች። ነገር ግን «አባቴ ሳይመርቀኝ ከቤት አልወጣም» ብላ ቁርጡን ነግራዋለች። አባትየው «ጴንጤ» የሚለውን ቃል ሲሰሙ ፊታቸው እንደ ጎምዛዛ ሎሚ ይጨማደዳል ይባላል፤ ኢዩ ደግሞ ጴንጤ ነው፣ ያሳደገው ግዛቸውም እንደዚያው። እናት አባት የሌለው ወንድሙ ዛሬ እምቢ ከተባለ፣ ግዛቸው በማን ሊያሳብብ ነው?

ሚስቱ ከቸርች ሲመለሱ ከረባቱን እያስተካከለች «ምን ያስጨንቅሃል? አንተ አፍህን ብቻ ክፈት፣ ጌታ ይሞላዋል» አለችው።

መሙላቱንማ ይሞላዋል። በምን እንደሚሞላው ነው ያልተነገረው።

ከጎረቤቱ ከቶለሳ ጋር በማሰልጠኛዋ መኪና ከዊንጌት ወደ ሽሮ ሜዳ ወጡ። ቶለሳ የቤት ደላላ ነው፤ ያልተሸጠ ቤት ውስጥ ገብቶ «እንኳን ደስ ያላችሁ» የሚል ሰው።

«ጋሽ ዓለሜ ፈርተው ነው የቀሩት» አለ ቶለሳ። «ሰውየው ከዚህ በፊት የመጡ ሽማግሌዎችን አቁመው ነው ያዋሏቸው አሉ። 'የመጣንበትን እሺ ሳይሉን አንቀመጥም' ሲሏቸው፣ 'እንግዲያው ቁሙ' ብለው እሳቸው ምሳቸውን በሉ።»

«ይሄን አሁን ነው የምትነግረኝ?»

«ቀደም ብዬ ብነግርህ ሆድህን ይቆርጥህ ነበር።»

አቶ መዝገቡ በር ላይ ቆመው ጠበቋቸው። መጀመሪያ ያዩት ሰውን ሳይሆን የመኪናዋን ጣሪያ ነው።

«ለማጅ ይላል» አሉ። «ሽማግሌውም ለማጅ ነው? ደግሞ ሁለት ናችሁ። ሦስተኛው የት ገባ?»

«ሦስተኛው እ... ማለቴ አሟቸው ነው ጋሼ።»

«ምናቸውን?»

«ሆዳቸውን።»

አቶ መዝገቡ «እህም» አሉ። ግዛቸው በዚያች «እህም» ውስጥ አንድ ሙሉ የክስ ቻርጅ ሰማ።

ሳሎኑ ውስጥ ወይዘሮ ወለተማርያም ጉልበታቸውን በነጠላ ሸፍነው ተቀምጠዋል፤ ሃና የለችም፣ ከጓዳው መጋረጃ ስር ግን ሁለት እግር ይታያል። አቶ መዝገቡ ከባለቤታቸው አጠገብ ቆመው ግዛቸውን ከላይ እስከ ታች አዩት፤ በእጅ የተሸመነ ነው ብለው ያመጡላቸውን የማሽን ጥበብ እንደሚያዩት።

«ተቀመጡ።»

«አንቀመጥም» አለ ቶለሳ ፈጠን ብሎ። «የመጣንበት ጉዳይ አለን።»

«እንግዲያው ተናገሩ።»

ግዛቸው ጋሽ ዓለሜ ያስጠኑትን ፈለገ። ስለ ዛፍና ስለ ጥላ የሚል ነገር ነበረው። ዛፉ ጠፋ፣ ጥላውም ተከትሎት ሄደ። ቶለሳ በክርኑ ጎሰመው። ግዛቸው ቃል ሲጠፋው ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያደርገውን አደረገ፤ ዓይኑን ጨፈነ።

«ጌታ ሆይ፣ ተመስገን» አለ።

አቶ መዝገቡ ዓይናቸውን አልጨፈኑም። ዓይኑን ጨፍኖ የሚናገር ሰው የሚደብቀው ነገር አያጣም ብለው ጭራሽ ቀረብ አሉ።

«ይህን ቤት ባርክ።»

«አሜን» አሉ ወይዘሮ ወለተማርያም። ምርቃት ሲሰሙ አሜን ሳይሉ ያለፉበት ቀን የለም።

«የእናታችንን ጉልበት አበርታ።»

«አሜን! አሜን!»

«የጋሽ መዝገቡን ሱቅ ከክፉ ዓይን፣ ከእሳትም ጠብቅ።»

«አሜን» አሉ አቶ መዝገቡ ሳይወዱ። ለሱቅ የመጣ ምርቃት በየትኛው ሃይማኖት ይመለሳል?

«ዕድሜና ጤና ስጣቸው፣ የልጅ ልጅ አሳያቸው።»

«አሜን!»

«ልጃቸውን ሃናን ለወንድሜ ለኢዩ ስጥልን።»

«አሜን!» አሉ አቶ መዝገቡ፣ ከሁሉም ጎላ ባለ ድምፅ።

ግዛቸው ዓይኑን ሲከፍት፣ ቶለሳ ሶፋው ላይ ተቀምጧል።

«እንኳን ደስ ያለን!» አለ ቶለሳ።

«ማነው ተቀመጥ ያለህ?» ጮኹ አቶ መዝገቡ። «ተነስ! እናንተ ወንበዴዎች! ዘመኔን ሁሉ ስነግድ በክር የዋሸኝ አለ፣ በቀለም የዋሸኝ አለ፤ በጸሎት ኪሴ የገባ ግን ዛሬ አየሁ!»

«ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው ጋሼ» አለ ቶለሳ፣ ሶፋውን ጭብጥ አድርጎ። ወደ ግዛቸውም ዘንበል ብሎ «ዝም በል፣ እግዜር ራሱ ነው የሰጠህ» አለው።

ግዛቸው ዝም ሊል ቃጣው። ጠዋት ቸርች ውስጥ አፌን ሙላልኝ ብሎ ለምኗል፤ ይኸው የሌላውንም አፍ ሞላለት። ኢዩ ይህን ቢሰማ በደስታ ያብዳል። ግን ነገሩ አላማረውም። ፈተና ላይ አስተማሪው በስውር ፍሬን እየያዘለት ያለፈ ተማሪ አጋጥሞታል፤ መንጃ ፈቃድ አግኝቶ በሳምንቱ አጥር ውስጥ ገባ። ይሄ አሜን ከላይ የመጣ ነው ወይስ ከራሱ ተንኮል? ዓይኑን ሲጨፍን ተንኮል አልነበረውም፤ የሃናን ስም ሲጠራ ግን... እርግጠኛ አይደለም። ራሱን ክፉኛ ጠረጠረው።

«ቶለሳ፣ ተነስ።»

«አብደሃል?»

«ተነስ አልኩህ። ጋሽ መዝገቡ፣ አሜንዎን ይመልሱ፤ እኔ አልቆጠርኩትም።»

አቶ መዝገቡ የባሰ ጠረጠሩ። «ደግሞ ይሄ ምንድነው? ሁለተኛው ዘዴ ነው?»

«ዘዴ የለኝም። የንግግር ሰው ጋሽ ዓለሜ ነበሩ፤ እሳቸው ቀሩ። እኔ ቃሉ ጠፋኝ። ሲጠፋኝ ጌታን ከመጥራት ሌላ መላ አላውቅም።»

«እና እኔ ፊት ነው የምትጠራው?»

«ሌላ ቦታ ሄጄ ልመለስ ብል ያስገቡኝ ነበር?»

ከመጋረጃው ጀርባ አንድ ሳቅ አመለጠ፣ ወዲያው ታፈነ። አቶ መዝገቡ ግን አልሳቁም።

«በል አሁን ዓይንህን ገልጠህ መልስልኝ። ልጄን ከቤተ ክርስቲያኗ ታስወጧታላችሁ?»

ጋሽ ዓለሜ ቢሆኑ ለዚህ ሦስት ምሳሌና አንድ ተረት ነበራቸው። ለግዛቸው አንድም አልመጣለትም። በልቡ «አቤቱ» አለ፤ ከዚያ በላይ ጊዜ አላገኘም።

«ወንድሜ አላስገድዳትም ብሏል፤ አምነዋለሁ። በየት ይጋባሉ፣ ልጆቻቸውን በየት ያሳድጋሉ ካሉኝ ግን አላውቅም ጋሼ። ዋሽቼ ልጅዎን ከምወስድ፣ እውነቱን ተናግሬ ባዶ እጄን ብመለስ ይሻለኛል። ኢዩ ግን ደግ ልጅ ነው። ስጡን። በቃ፣ የማውቀው ይሄን ብቻ ነው።»

አቶ መዝገቡ አተኩረው አዩት። ክሩን የሚስቡ፣ የሚበጠስበትን የሚፈልጉ ይመስላሉ።

«እኔ አሜኔን አልመለስኩም» አሉ ወይዘሮ ወለተማርያም።

«ምን?»

«የአንተን ውሰድ። እኔ ስል እያወቅሁ ነው ያልኩት።»

አቶ መዝገቡ ሚስታቸውን አዩ፣ መጋረጃውን አዩ፣ እንደገና ግዛቸውን አዩ። የተከበቡ ሰው ናቸው።

«እሺ አላልኩም» አሉ በመጨረሻ። «ፍልሰታ ይውጣና ኑ። ልጁን ራሱን ይዘኸው ና፤ እኔው እጠይቀዋለሁ። ይሄን ደላላ የሚመስል ጓደኛህን ግን እንዳታመጣብኝ።»

በር ድረስ ሸኟቸው፤ ለአክብሮት ይሁን መውጣታቸውን ለማረጋገጥ አይታወቅም። ግዛቸው ጎንበስ ብሎ ሲሰናበታቸው ክንዱን ጨብጠው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ስማ። እስከዚያ ድረስ በኔ ጉዳይ እንዳትጸልይ። ሳላስበው አሜን ስል እንዳልገኝ።»

ግዛቸው አቀረቀረ።

«እሱን እንኳ ቃል አልገባልዎትም ጋሼ» አለ።