የመድን ወረቀቱ ላይ ያለችው ሴት

የውጭ አገር ተማሪዎች ቢሮ ደጃፍ የተሰለፈው ሰው ቢሰበሰብ አንድ መንደር ይወጣዋል። ሊኬሌሊ ሞሊሴ ከሌሶቶ ድንበሩን ተሻግራ፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ ቆማ መስኮቱ ጋ ስትደርስ፣ የምዝገባው የመጨረሻ ቀን ሊያበቃ አንድ ሰዓት ነበር የቀረው። ፓስፖርቷን፣ የተቀባይነት ደብዳቤዋንና የጤና መድን ማረጋገጫዋን አንድ ላይ አቀበለች። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የዓመት የጤና መድን የሌለው የውጭ ተማሪ አይመዘገብም፤ እሷ ደግሞ እሱ ተሟልቶልኛል ብላ ደረቷን ነፍታ ነው የመጣችው።

ከመስኮቱ ጀርባ የተቀመጠችው ዲኔዎ ወረቀቶቹን አገላብጣ አየችና መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቀለች።

«እህቴ፣ ይቺ ማቱሜሎ ራማይሊ የምትባለዋ ማን ናት?»

«እኔ ነኝ።»

«ፓስፖርቱ ላይ ያለችው ሊኬሌሊ ሞሊሴስ?»

«እሷም እኔው ነኝ።»

«እንግዲህ አንዷ መድን አላት፣ ሌላዋ ልትማር መጥታለች። እስቲ ተስማምታችሁ ኑ።»

ከኋላ የቆሙት ሳቁ። ሊኬሌሊ ግን አልሳቀችም።

ነገሩ ወዲህ ነው። የሌሶቶ ሰዎች በሆኑት ባሶቶ ዘንድ ሙሽራ ባሏ ቤት ስትገባ አዲስ ስም ይወጣላታል፤ ገና ያልተወለደ ልጅ እናት ተብላ ትጠራለች። እሷን ማቱሜሎ አሏት፣ የቱሜሎ እናት፤ ራማይሊ የባሏ ቤተሰብ ስም ነው። ይኸው ስድስት ዓመት ሆነ፤ ቱሜሎ ብቅ አላለም። ሊኬሌሊ መምህር ናትና የተማሪዎቿን ፈተና ስታርም፣ መድኑን በስልክ የገባችላት የባሏ የሞኬቴ እናት፣ አማቷ ማሞኬቴ ናት። የልጅቷ ስም ማን ነው ሲሏት፣ በቤቷ የምትጠራበትን ነገረቻቸው። ሌላ ምን ልትል ኖሯል?

«የኔም እናት እንዲሁ ናት፤ ይገባኛል» አለች ዲኔዎ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ኮምፒውተሩ ግን ተድሮ አያውቅም። የተስተካከለ ማረጋገጫ ዛሬ ካልመጣ ቦታሽ ለተጠባባቂ ይሰጣል።»

ሊኬሌሊ ጎርፍ የአባቷን ማሳ በየዓመቱ እየቦረቦረ ሲወስደው እያየች ነው ያደገችው። የአፈር ጥበቃ ለመማር ሦስት ጊዜ አመልክታ፣ በአራተኛው ነው የተሳካላት። አሁን በስም የተነሳ ልትመለስ? ሞቼ ነው ቆሜ! አለች በሆዷ። ከመስኮቱ ሳትነቃነቅ ለመድን ድርጅቱ ደወለች።

«ማስተካከል የሚችሉት ውሉን የገቡት ሰው ብቻ ናቸው» አላት ስልኩን ያነሳው ሠራተኛ። «ስሙን ራሳቸው በአንደበታቸው ይንገሩን።»

ወዲያው ለአማቷ ደወለች።

«እምዬ፣ የመድን ሰዎች የፓስፖርት ስሜን ከርስዎ መስማት ይፈልጋሉ።»

«ስምሽን ነግሬያቸዋለሁ።»

«የአባቴን ቤት ስም ነው የምልዎት።»

ከማሞኬቴ ጀርባ ዶሮዎች ይንጫጫሉ።

«እሱን አልጠራም።»

«ቢሮው ሊዘጋ ነው፣ እምዬ!»

«ይዘጋ። ያ ስም ከአፌ አይወጣም።»

ስድስት ዓመት ሆድ ይፍጀው ብላ የያዘችው ገነፈለባት።

«ቱሜሎን ስላልወለድኩልዎት ነው? በስሙ እየጠሩ በየቀኑ የሚያቆስሉኝ አንሶ፣ ትምህርቴንም ሊያስቀሩብኝ?»

ማሞኬቴ ስትናገር ድምጿ ተለውጧል።

«አንቺ ልጅ፣ ስሚኝ። የዚህ መንደር ሴቶች ‹መካን ናት፣ ወደ አባቷ ቤት መልሻት› ማለት ከጀመሩ ሦስት ዓመታቸው ነው። የሞኬቴ አክስትማ የምታነሳሽ በአባትሽ ቤት ስም ነው፤ የተፈታሽ አድርጋ፣ እኔን ልታሳርረኝ። ያ ስም በኔ ቤት እንዳይነሳ የማልኩት ለዚህ ነው። ማንም እንዳያስወጣሽ ብዬ ነው።»

ሊኬሌሊ ይህን ሁሉ ዘመን አማቴ አትወደኝም ስትል ኖራለች። እንባዋን በመዳፏ ጠረገች፤ ከመስኮቱ ግን ፈቀቅ አላለችም።

«አላወቅኩም፣ እምዬ። ግን ይጥሩት። እኔ የትም አልሄድም፤ ተምሬ የምመለሰው እርስዎ ቤት ነው።»

ማሞኬቴ በረጅሙ ተነፈሰች።

«በይ አገናኚኝ» አለች።

ዲኔዎ በቢሮው ስልክ ሦስቱን አገናኘችና ድምፁን ለሁሉም ከፈተችው።

«የተማሪዋ ሙሉ ስም?» አለ የመድኑ ሠራተኛ።

«ሊኬሌሊ ሞሊሴ!» አለች ማሞኬቴ፣ ከሰልፉ ጫፍ ያለው እስኪሰማ። «ጻፍክ?»

«ጽፌያለሁ፣ እናቴ።»

«ከራማይሊ ቤት አትወጣም ብለህም ጨምርበት።»

«ለሱ የሚሆን ቦታ ቅጹ ላይ የለም፣ እናቴ።»

«ጠርዙ ላይ ጻፈዋ!»

ማረጋገጫው የደረሰው ቢሮው ሊዘጋ አሥር ደቂቃ ሲቀረው ነው። ዲኔዎ አትማ አወጣችው፣ ከፓስፖርቱ ጋር አስተያየችው፣ ማህተሙን አሳረፈችበት። ማሞኬቴ ስልኩን ገና አልዘጋችም ነበር።

«ተመዘገብኩ፣ እምዬ።»

«እሰይ! በይ አሁን የሞኬቴ አክስት ቤት መሄዴ ነው» አለች ማሞኬቴ። «ሊኬሌሊ ዩኒቨርሲቲ ገባች ብዬ በገዛ አፌ እነግራታለሁ።»