ከመደርደሪያው ጠርዝ ሥር

የምሠራበት የቤት ዕቃ መደብር ውስጥ በስሜ የሚጠራኝ የለም፤ «ውሃ ልክ» ነው የሚሉኝ። አንድ መደርደሪያ በጣት ስፋት እንኳ ቢዛነፍ ከበሩ ሆኜ አየዋለሁ። ሥራዬ፣ ደንበኛ ሲገባ «ይሄ ቤቴ በሆነ!» ብሎ እንዲመኝ መደርደሪያዎቹን ማሳመር ነው። ረጅሙ ዕቃ ከኋላ፣ አጭሩ ከፊት፣ ሦስት ነገር አንድ ላይ፣ ከዚያ ባዶ ቦታ። ባዶ ቦታ የማይወድ ሰው መደርደሪያ አያውቅም እላለሁ። ደንበኞቼ ይወዱኛል፤ በትዕግሥቴም ያመሰግኑኛል። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ የሚባለው ለእኔ ዓይነቷ መሆኑን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

ቤቴ አንድ ክፍልና ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያስቆም ማብሰያ ቤት ነው። እናቴ ካረፈች በኋላ አናጢው አባቴ ሥራውን ዘግቶ ወደ እኔ ሲመጣ፣ ሁለት አልጋና አንድ ጠረጴዛ ገብተው ለመተንፈሻ የቀረን ቦታ ጥቂት ነበር። የቀረውን ዕቃ የት እንደማደርገው ጨንቆኝ ስቆም አባዬ ግድግዳውን በመዳፉ እየዳበሰ ዞረና «ቤትሽ ጠባብ ነው እንጂ ግድግዳሽ ረጅም ነው» አለኝ። በሳምንቱ፣ ከበሩ ተነሥቶ በአልጋው ራስጌ አልፎ እስከ ማብሰያ ቤቱ የሚዘልቅ፣ ቁመቱ ደረት ላይ የሚደርስ አንድ ወጥ መደርደሪያ ሠራልኝ። ከዚያ «በቃኝ» ብሎ መጋዙን ለሙያ ጓደኛው ሰጠ። ድካም መስሎኝ አልጠየቅሁትም።

እሁድ እሁድ ጠዋት መደርደሪያውን አፈርሳለሁ። ጠባብ ቤት የሚኖር ሰው ግድግዳ መግፋት ባይችልም ዕቃ ማዘዋወር ይችላል፤ ያኔ ቤቱ አዲስ ይመስለዋል። የአበባ ማስቀመጫው ወደ ግራ፣ መጻሕፍቱ በየቀለማቸው፣ የአባዬ ራዲዮ፣ ያ በጎማ የታሰረ ጉድ፣ ቅርጫት ውስጥ። የመድኃኒቱ ቆርቆሮና ጆሮው የተሰበረ ኩባያው ክዳን ያለው ሣጥን ይገባሉ። ሰኞ ማታ ስመለስ ራዲዮው ራስጌው ላይ ጉብ ብሏል። ኩባያው ከአበባው ጎን ተገትሯል።

«አባዬ፣ እልህ ነው?»

«ልማድ ነው፣ ልጄ።»

እኔ እመልሳለሁ፣ እሱ ያወጣል። ወራት እንዲህ አለፉ። እናደዳለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ግን ግማሹን ጊዜ ያስቀኝ ነበር። ማታ ስገባ ቁልፌን በሩ አጠገብ ካለችው ሰሃን ላይ ቃ ሳደርገው «መጣሽ?» ይለኛል። ከእናቴ ሞት በኋላ ያቺን ቃል የሚለኝ ሌላ ሰው አልነበረኝም። ያለዚያች ቃል ክፍሉ ምን እንደሚመስል ማሰብ አልወድም ነበር።

አንድ ቀን አቧራ ስወለውል ጨርቁ ከመደርደሪያው ጠርዝ ሥር ያዝ አደረገኝ። ጎንበስ ብዬ ሳይ በቢላ የተቆረጡ ጭረቶች ናቸው። እዚህ ጋ አንድ፣ ወዲያ ሁለት፣ ወዲያ ሦስት፤ በሩ አጠገብ ደግሞ አንድ የጠለቀ። ደሜ ፈላ። በሰው ዕቃ ላይ ጭረት ያየ ዕለት እህል የማይበላ አናጢ፣ የእኔን እንጨት ሥራ ፈትቶ ሲቆረቁር! አልተናገርኩትም። ምን አለፋኝ፣ ባለሙያ ነኝ አይደል? ደጅ ወጥቶ ፀሐይ ሲሞቅ ጠብቄ ጭረቶቹን በስቱኮ ደፈንኩ፣ በብርጭቆ ወረቀት አሸሁ፣ ነጭ ቀለም ደረብኩበት። እጄን ካነሣሁ አይቀር ብዬም የቁልፌን ሰሃን መሳቢያ ውስጥ ከተትኳት። በሩ አጠገብ ባዶ ቦታ ያምር ነበር።

ከዚያ ወዲህ ራዲዮው ከቅርጫቱ አልወጣም። አሸነፍኩ ብዬ ደስ አለኝ። ማታ ስገባ «መጣሽ?» ማለቱንም ተወ፤ ያኮረፈ መሰለኝ። የአበባ ማስቀመጫው ወድቆ ተሰበረ። አንድ ጠዋት ደግሞ ሻዬ ላይ ጨው ጨመረልኝ። ስኳሩንና ጨውን አንድ ዓይነት ነጭ ዕቃ ውስጥ የገለበጥኩት እኔ ነኝ፤ የጮህኩት ግን እሱ ላይ ነው።

«ዓይንህ የት ሄዶ ነው፣ አባዬ?»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አደረገ። በዚያው ሳምንት ሌላ ከተማ ለሚኖረው ታላቅ ወንድሜ እንድደውልለት ጠየቀኝና እፊቴ «ቅዳሜ መጥተህ ውሰደኝ» አለው።

«ምን አደረግሁህ?» አልኩት ስልኩን ስዘጋ።

«ምንም። ሸክም ሆንኩብሽ።»

«ማን እንደዚያ አለህ?»

«ማን ይለኛል፤ ራሴ አውቀዋለሁ።»

ወንድም ጋሼ አራት ልጆች አሉት። ለአባዬ የሚሰጠው ክፍል መስኮት የለውም። ከእኔ ቤት ያንን መምረጡ አንጀቴን አቃጠለው። እንዳይሄድብኝ መለመን ፈልጌ ነበር፤ ኩራቴ አልለቀቀኝም።

ዓርብ ሻንጣውን ላዘጋጅለት ብዬ ከሥራ ቀደም ብዬ ወጣሁ። በሩ ገርበብ ብሏል። ከጎረቤት የስፌት መኪና ስለሚንጣጣ መምጣቴን አልሰማም። አባዬ የቀኝ እጁን ጣቶች ከመደርደሪያው ጠርዝ ሥር አስገብቶ ቀስ እያለ ይሄዳል። ይቆማል። በአውራ ጣቱ ቀለሙን ያሻል። ተመልሶ እንደገና ከበሩ ይጀምራል፤ ከንፈሩ ይቆጥራል። በመጨረሻ እጁን ወደ ላይ ሰዶ አንድ ቆርቆሮ አገኘ። የአዝራር ማስቀመጫዬ ነው። ከፍቶ አሸተተና መልሶ ከደነው።

ቦርሳዬ ከትከሻዬ ተንሸራቶ ወደቀ። አባዬ ዞረ። ሁለት ክንድ በማይሞላ ርቀት፣ ፊቱን ፊቴ ላይ አድርጎ፣

«ማነው?» አለ።

«እኔ ነኝ» አልኩት። ቦርሳዬን ሳላነሣ ጠጋ አልኩት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የማታየኝ?»

«ቀኙ እናትሽ ሳታርፍ ነው የሄደው። ግራው መደርደሪያሽን እስክጨርስልሽ ጠበቀኝ፤ አሁን ለጥላ ያህል ነው። ሐኪም አይቶታል፤ የሚመለስ አይደለም።» ፈገግ አለ። «ደንበኛ ሥራው ዘገየ ባለ ቁጥር፣ ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ነገ አስረክባለሁ ብዬ ስምል ኖሬያለሁ። አንዷ ነገ መዘዝ ሳታመጣብኝ አልቀረችም።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ሥራሽን ትተሽ እኔን ስትጠብቂ ልትውዪ? ደግሞ ችዬው ነበር እኮ። አናጢ እንጨት ሲያገጣጥም ምልክት ይቆርጣል፤ አንድ ከአንድ፣ ሁለት ከሁለት። ቤትሽንም እንደዚያ አደረግሁት። አንድ ጭረት ራዲዮ፣ ሁለት መድኃኒት፣ ሦስት ኩባያ። አንቺ ታዘዋውሪያለሽ፣ እኔ ዳብሼ ወደ ምልክቱ እመልሳለሁ።» ድምፁ ዝቅ አለ። «ከዚያ አንድ ቀን ብዳብስ ምንም የለም። ከጫፍ እስከ ጫፍ ልስልስ። ዓይኔስ ይሂድ፣ ልጄ። በገዛ እጄ የቆረጥኩትን ሳጣው ግን ጭንቅላቴም ሄደ አልኩ። ያልሠራሁትን ሠራሁ እያልኩ ልጦርብሽ አልፈለግሁም።»

መሬት ላይ ተቀመጥኩ። አፈርኩ። የጣት ስፋት መዛነፍ ከበር ሆኜ አያለሁ የምል ሰው፣ አንድ ክፍል ውስጥ አብሮኝ የሚያድር አባቴን አላየሁም።

«እኔ ነኝ የደፈንኩት» አልኩት። «በስቱኮ። ያበላሸኸው መስሎኝ።»

ቢቆጣኝ ደስ ባለኝ። እሱ ግን እጁን ወደ ጠርዙ መልሶ ለረጅም ጊዜ ዳበሰው።

«በብርጭቆ ወረቀት አሸሽው?»

«አዎ።»

«በደቃቁ?»

«በደቃቁ። ሁለት ጊዜ።»

«አይ አንቺ! አርባ ዓመት እንጨት የዳበሰ እጅ አታለልሽ እኮ!» ብሎ እስኪያስለው ሳቀ። እኔ አለቀስኩ። አያየኝም ብዬ ድምፄን ዋጥኩ።

«አፍንጫሽን ጥረጊ» አለኝ።

ከኪሱ ሰንጢውን አወጣ። ጭረቶቹ የነበሩበትን ቦታ እያስታወስኩ ጣቱን አደርሳለሁ፣ እሱ ይፈለፍላል። ነጩ ቀለሜ ወለሉ ላይ ረገፈ፤ አልጠረግሁትም። ራዲዮው ወደ አንዱ፣ መድኃኒቱ ወደ ሁለቱ፣ ኩባያው ወደ ሦስቱ ተመለሱ። ለስኳሩም አዲስ ምልክት ተቆረጠለት። «ጨውን ራቅ አድርጊው» አለኝ። የመደብሩ ደንበኞች ቢያዩት የእጄ ሥራ ነው ብዬ ባልደፈርኩ ነበር።

በሩ አጠገብ ያለው፣ ከሁሉም የጠለቀው፣ መጨረሻ ላይ ተከፈተ።

«ይሄስ የምንድን ነው?»

«የቁልፍሽ ነው።»

«ቁልፌን ምን ታደርግበታለህ?»

«ምንም። ጠዋት ስነቃ፣ ቀን ሸለብ አድርጎኝ ስነሣ፣ እጄን ሰድጄ እነካለሁ። ካለ አለሽ፤ ከሌለ ወጥተሻል። ከልጅነትሽ ጀምሮ እንደ ድመት ነሽ፣ ኮቴ የለሽም።» ሰንጢውን አጠፈ። «ካነሣሽው ወዲህማ ያለሽ እየመሰለኝ ለባዶ ቤት ስንት ወሬ አወራሁ መሰለሽ።»

ሻንጣው አልጋው ላይ አፉን ከፍቶ ተቀምጧል።

«እንዳትሄድብኝ» አልኩት።

«እንግዲያ ለወንድምሽ ደውይለት፤ ነገ እንዳይለፋ።»

ከመደወሌ በፊት ሰሃኗን ከመሳቢያው አወጣኋት። በሩ አጠገብ፣ ከጥልቁ ምልክት በላይ አስቀመጥኳትና ቁልፌን ቃ አደረግሁባት። አባዬ እጁን ሰዶ ነካው።

«መጣሽ?» አለኝ።

«መጣሁ፣ አባዬ።»